ዴንቨር ያላችሁ፣ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ልጅ አናግሩት

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ልጅ ማመስገን አለብኝ። የካምፒንግ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚሠራ የኛው ልጅ ነው። ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም፤ ሱቁን የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ባለፈው ኦገስት ከወንድሜ ጋር ሳን ሁዋን ተራሮች ልንሄድ ስንል ጫማ ልገዛ ገባሁ። የት እንደምንሄድ ሲሰማ "እዚያ እኮ ስልክ አይሠራም፣ ምን ይዛችኋል?" አለኝ። ምንም አልያዝንም። ፒኤልቢ የሚባለውን የአደጋ ጊዜ ቢኮን አውጥቶ አሳየኝ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ቁልፉን ስትጫኑት በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ምልክት ይልካል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ አንዴ ከተነሳ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል።

እኔን የገረመኝ ከሸጠልኝ በኋላ ያደረገው ነው። ወረፋ እየጠበቀው ቁጭ ብሎ ኖዓ (NOAA) በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአየርና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቢኮኑን በስሜ በነጻ አስመዘገበልኝ። የተጠሪ ስልክ ሲል የራሴን ልሰጠው ነበር። "አንተማ ተራራው ላይ ነህ፣ ቤት የምትቀረውን የባለቤትህን ስጠኝ" አለኝ። ምዝገባው በየ2 ዓመቱ ስለሚታደስ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞላልኝ። ከዚያ ለማሳያ የተቀመጠውን ሰጥቶኝ፣ ጓንት አስጠልቆ፣ አንቴናውን በአንድ እጄ እንድዘረጋ ደጋግሞ አሠራኝ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜን ድንጋይ ከዳው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንቴናው ግን ወጣልኝ። "ዛፍ ሥር እንዳታደርገው፣ ሰማይ ይየው" ያለኝ ትዝ ብሎኝ ገላጣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አላጠፋሁትም፣ ከቦታችንም አልተነቃነቅንም።

ምልክቱ የደረሳቸው የነፍስ አድን ሰዎች ባለቤቴ ጋ ደወሉ። በየት እንደወጣን፣ ስንት እንደሆንን፣ ድንኳናችን ምን ቀለም እንደሆነ ሁሉ ነገረቻቸው። የራሴን ቁጥር ሰጥቼ ቢሆን ማን ያነሳው ነበር?

በጨለማ ግንባራቸው ላይ መብራት ያሰሩ ሰዎች ሽቅብ ሲመጡ ስናይ ወንድሜ አለቀሰ። በሸሪፉ ሥር የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አንድ ሳንቲም አልጠየቁንም። እግዜር ይስጥልን።

አንተም የሱቁ ልጅ፣ እናታችን አዲስ አበባ ሆና በጸሎቷ ታነሳሃለች።

ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛበት በሥራ ቀን ሂዱ። ቢኮን ያላችሁም ይዛችሁት ሂዱ፤ ባትሪው የሚያልቅበትን ቀን ያይላችኋል፣ ምዝገባውንም ያስተካክልላችኋል።