ሮም ወይስ ፓሪስ? አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎበኝ መንገደኛ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሮምም ወደ ፓሪስም በቀጥታ ይበራል፤ ሁለቱም ከተሞች በአንድ የሼንገን ቪዛ ይገባባቸዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ምርጫውን እስከ መጨረሻው ሰዓት ያቆየዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ሲሆን፣ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ስለዚህ ነገሩ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት መቆረጥ አለበት።

በእኔ ግምት አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሮምን፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለውና በቤተ መዘክር ውስጥ ሲውል የማይሰለቸው ደግሞ ፓሪስን ቢመርጥ ይሻላል። ለዚህ ዋናው ምክንያቴ የእግር መንገድ ነው። በሮም ፓንቴዮን ከተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ተነሥቶ ትሬቪ ፏፏቴ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ናቮና አደባባይ ከዚያም ይቀርባል፤ ኮሎሲየምና የጥንቱ የሮማውያን ሸንጎ (ፎረም) ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። በፓሪስ ግን ከኤፍል ታወር እስከ ሉቭር ቤተ መዘክር ያለው መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለሆነም ቀኑ በሜትሮ ወዲያና ወዲህ በማለት ያልፋል። እርግጥ ነው፣ የፓሪስ ሜትሮ ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል፤ የሮም ሜትሮ ግን ሦስት መስመር ብቻ ስላለው ብዙ ቦታ አይደርስም። የአንድ ጉዞ ቲኬት በሮም 1 ዩሮ ከ50፣ በፓሪስ ወደ 2 ዩሮ ተኩል ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው ባቡር በሁለቱም ወደ 14 ዩሮ ስለሚያስከፍል በዚህ በኩል ልዩነት የለም።

በመግቢያ ዋጋ ሮም ትቀላለች። ኮሎሲየም፣ ሸንጎውና የፓላቲን ኮረብታ በአንድ የ18 ዩሮ ቲኬት ይታያሉ፤ ቲኬቱ የሚቆረጠው በጎብኚው ስም ስለሆነ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው። ፒዬታ የተባለው የማይክል አንጄሎ የእብነ በረድ ቅርጽ ያለበት የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን በነጻ ይገባል፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ሉቭር ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ የሚመጣውን ጎብኚ 32 ዩሮ ያስከፍላል፤ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በእሳት ተጎድታ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ዳግም የተከፈተችው የኖትርዳም ካቴድራል በነጻ ትጎበኛለች። የዕረፍት ቀናትንም ልብ ማለት ይገባል፤ ሉቭር ማክሰኞ፣ የፓሪሱ ኦርሴ ቤተ መዘክር ሰኞ፣ የቫቲካን ቤተ መዘክሮች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው።

በሮም ለመጠጥ ውሃ ገንዘብ አይወጣም። ናዞኒ፣ ማለትም ትልልቅ አፍንጫ፣ የሚባሉት ከብረት የተሠሩ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች ከ2 ሺህ በላይ ሲሆኑ ቀዝቃዛ ውሃ ሌት ተቀን ያፈሳሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው በላይ በኩል ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይወነጨፋል፤ ሰውም ብዙ ሳያጎነብስ ይጠጣል። ማኪያቶ ያዘዘ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አዲስ አበባው በብርጭቆ እንዳይጠብቅ፤ የሚቀርብለት በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው። ቆመው ሲጠጡት ከ2 ዩሮ በታች ነው፤ ተቀምጠው ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ጿሚ ሰው በሮም አይቸገርም፤ ማሪናራ የተባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። በፓሪስ ቅቤ ብዙ ምግብ ውስጥ ስለሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአንጻሩ ሐላል ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በቀላሉ የሚገኘው በፓሪስ ነው።

ለእኛ ሰው ከዋጋም በላይ የሚመዝን ነገር አለ። ከሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ ስያሜው በ1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ላይ ሲወርዱ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ዛሬ በአክሱም የቆመው ሐውልት የነበረበት ፖርታ ካፔና ይገኛል። ሐውልቱ አሁን እዚያ የለም፤ እኔ ግን ማንም ኢትዮጵያዊ ሳያየው እንዲመለስ አልመክርም። በፓሪስም ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አስነሥቶ የወሰዳቸው ሥዕሎች በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

አረጋውያን ወላጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው የሮም የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ጉልበት ይፈትናል፤ የፓሪስ ሜትሮም አብዛኛው ጣቢያ ደረጃ እንጂ ሊፍት የለውም። ከዚህ ነጻ የሆነው 14ኛው መስመር ነው፤ ስለዚህ እናቱን ወደ ፓሪስ የሚወስድ ሰው ሆቴሉን በዚህ መስመር አጠገብ ይያዝ።