ናኖ ቪኤንኤ ኤች 4 ለአንቴና ቤተ ሙከራ

አንቴና የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ ቀመር ገልብጠው ብቻ እንዳይወጡ ከፈለገ እጃቸው የሚገባ መለኪያ ያስፈልገዋል። ትልልቆቹ ኔትወርክ አናላይዘሮች (ሲግናል ልከው የሚመለሰውንና የሚያልፈውን የሚለኩ መሣሪያዎች) ዋጋቸው ስለማይቀመስ ተማሪ እንደ ልብ አይነካቸውም። የእነሱ ትንሽ ዓይነት የሆነው ናኖ ቪኤንኤ ኤች 4 እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። ስክሪኑ 4 ኢንች ነው፤ በባትሪ ይሠራል፤ ፊሊፕ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመውን ስሚዝ ቻርት (የአንቴናውን ኢምፒዳንስ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋም በክብ ላይ የሚያሳይ ሥዕል) በቀጥታ ያሳያል። ተማሪው ዳይፖል የሚባለውን ባለ ሁለት ዘንግ ቀላል አንቴና ጫፍ በቆረጠ ቁጥር ኩርባው ሲንቀሳቀስ እዚያው ያየዋል።

እስከ 300 ሜጋኸርዝ ድረስ ንባቡ ያስተማምናል። ከዚያ በላይ በሃርሞኒክ (በዋናው ፍሪኩዌንሲ ብዜት) ስለሚሠራ ጥራቱ ይወርዳል። ለ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ አንቴና የሚፈልግ ሰው ሌላ ይግዛ።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከካሊብሬሽን (መለኪያውን አስቀድሞ በሚታወቁ ነገሮች ከማስተካከል) ነው። ከ50 ኪሎኸርዝ እስከ 900 ሜጋኸርዝ በ101 ነጥብ ከተለካ በነጥብና በነጥብ መካከል 9 ሜጋኸርዝ ስለሚኖር ጠባብ ሬዞናንስ (አንቴናው በደንብ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ) ሳይታይ ያመልጣል። ለ145 ሜጋኸርዝ ዳይፖል ስታርት 130፣ ስቶፕ 160 ይሁን፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 0.3 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ከዚያ ኦፕን (ክፍት)፣ ሾርት (የተገናኘ) እና ሎድ (50 ኦም) የሚባሉት የካሊብሬሽን ጫፎች በየተራ የሚታሰሩት አንቴናው በሚገጠምበት የኬብሉ ጫፍ ላይ ነው እንጂ መሣሪያው ላይ አይደለም። ይህ ከተዘለለ ኬብሉ ይዋሻል፦ 3 ዴሲቤል የሚያባክን ኬብል ጫፉ ላይ ምንም ሳይታሰርበት እንኳ ኤስደብልዩአር (የሚመለሰውን ሲግናል መጠን የሚያሳይ ቁጥር፤ 1 ምንም አልተመለሰም፣ በጣም ትልቅ ከሆነ ሁሉም ተመልሷል ማለት ነው) 3 ያሳያል። ሲጨርሱ ሴቭ ማድረግ አይረሳ፤ ፍሪኩዌንሲው ከተቀየረም ካሊብሬሽኑ እንደ አዲስ ቢሠራ ይሻላል።

ዳይፖሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ102 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ማሳጠር ነው። ዝቅተኛው ኤስደብልዩአር 139 ሜጋኸርዝ ላይ ከወጣ 102 ሲባዛ በ139፣ ሲካፈል ለ145፣ ወደ 98 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ከየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ማለት ነው። መጀመሪያ 1.5 ብቻ ተቆርጦ እንደገና ይለካ፤ የተቆረጠ አይመለስም። ኬብሉን በእጅ ሲነኩት ኩርባው የሚዋልል ከሆነ ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆኗልና ከአንቴናው ሥር ፌራይት የሚባለው ቀለበት ይታሰርበት።

ተማሪ ሁሉ ሊነገረው የሚገባው ግን ይህ ነው፦ 50 ኦም ሎድ ኤስደብልዩአሩ 1 ነው፣ የሚያሠራጨው ግን የለም። ኃይል ሳይመልሱ መቀበል ሌላ፣ ማሠራጨት ሌላ። ሽንታሮ ኡዳና ሂደሱጉ ያጊ እ.ኤ.አ. በ1926 በጃፓኑ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቁት ባለብዙ ዘንግ አንቴና ትልቁ ጥቅሙ ጌኑ (ኃይሉን ወደ አንድ ወገን ማሰባሰቡ) እና አቅጣጫው ነው፤ ይህን ደግሞ ኤስ11 (ወደ መሣሪያው የሚመለሰው ሲግናል ልኬት) አይናገርም። ሜዳ ላይ ሁለት አንቴና አራርቆ በኤስ21 (ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ሲግናል ልኬት) ከዳይፖል ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ጥሩ ግምት ይሰጣል፣ የቻምበር (ሞገድ በማይንጸባረቅበት ክፍል የሚደረግ) ልኬትን ግን አይተካም።

ሲገዙ ውስጡ የብረት መከለያ እንዳለው ይጠየቅ፤ የሌላቸው ርካሽ ቅጂዎች አሉ። ጣራ ላይ ያለ አንቴና ከመታሰሩ በፊት ስታቲኩ እንዲወጣ የኬብሉ መሃልና ዙሪያው ይነካካ። አስተላላፊ ሬዲዮ በቀጥታ ከተገናኘበት መግቢያው ይቃጠላል። ኤስኤምኤ የሚባለው የመሣሪያው ኮኔክተር ሲጠብቅ የሚሽከረከረው ቀለበቱ ብቻ ይሁን፤ ኮኔክተሩ አብሮ ከዞረ የመሃል ፒኑ ቶሎ ይበላል።