በፒያሳ ያለ አንድ የነርቭ ክሊኒክ፦ ሁለት ሕመም ይዛ ለገባች እህቴ

ታናሽ እህቴ ሶሪያሲስ የተባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ ሕመም ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። አምና ደግሞ አንድ ዓይኗ ደብዝዞ እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር፣ ከኤም አር አይ ምርመራ በኋላ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም፣ እንዳለባት ተነገረን። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ስትታከም ስምንት ወር ሞልቷታል።

ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት፣ የሹራቧን እጅጌ አስጠቅልሎ ክርኗን፣ ሻሿንም አስፈትቶ የራስ ቆዳዋን አየ። የነርቭ ሐኪም በቆዳ ምን አገባው ብዬ በሆዴ ታዝቤው ነበር። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ከሚታዘዙት መርፌዎች ኢንተርፌሮን ቤታ ሶሪያሲስን ሊያባብስ እንደሚችል፣ ለሶሪያሲስ ከሚሰጡት ደግሞ እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉት የቲኤንኤፍ ማገጃዎች (ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ የሰውነት ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች) የነርቭን ሽፋን የሚጎዳውን ሕመም ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ለእሷ እንደማይሆኑ ሲያስረዳን ግን ትዝብቴን ዋጥኩት። የመድኃኒቶቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ «የቆዳ ሐኪም መርፌ ልጀምርልሽ ካለሽ መጀመሪያ ይህችን አሳዪው» አላት።

የመረጠላት ዳይሜቲል ፉማሬት የተባለውን እንክብል ነው። ይህ መድኃኒት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በ2017 ደግሞ በአውሮፓ ለሶሪያሲስ የተፈቀደ ስለሆነ ሁለቱንም ሕመም ይነካል። የመጀመሪያውን ሳምንት 120 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በኋላ 240 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንድትወስድ አዘዘላት። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ የማወክና ፊት የማቅላት ነገሩ ስለሚበረታ «ሁዳዴን እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትለውም የንስሐ አባቷን እንድታማክር ነገራት፤ እሳቸውም ጠዋት ቀምሳ እንድትውጥ ፈቀዱላት። ነጭ የደም ሕዋሷ እንዳልወረደ ለማየት በየሦስት ወሩ ለምርመራ ደም ትሰጣለች። እስካሁን አዲስ የነርቭ ምልክት አልታየባትም፤ የክርኗ ቅርፊት ሳስቷል፣ የራስ ቆዳዋ ግን ገና ነው።

ቅሬታ የለኝም አልልም። መድኃኒቱን በጠየቅናቸው የጎንደር ፋርማሲዎች ሁሉ አጥተነው አጎታችን ከውጭ ነው የሚልክልን፤ ይህን ግን ክሊኒኩ አስቀድሞ ሊነግረን ሲገባ፣ ማዘዣውን ይዘን ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ስንዞር ዋልን። የጠዋት ቀጠሮ ይዞ ከቀትር በኋላ መግባትም የተለመደ ነው። ከሁሉ የከፋው ደረጃው ነው፦ ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት የለውም፣ የእጅ መደገፊያውም ከግማሽ በላይ ተነቅሏል፤ ሚዛኑን የሚስት ሕመምተኛ በሚመላለስበት ቤት ይህ ቸልተኝነት ነው። ባለፈው ቀጠሮ እግሯ አልታዘዝ ስላላት ሐኪሙ ራሱ ወርዶ የዘበኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ መረመራት። አመስግነነዋል፤ መደገፊያው ግን እስከ ትናንት አልተጠገነም።