ደሴ ፒያሳ ለሚሠሩ ፋርማሲስት የቀረበ ምስጋና

ታናሽ ወንድሜ ታላቅ እህታችን በለገሰችው ኩላሊት አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ወደ ደሴ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንዲት ፋርማሲስት የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን፣ በከተማችንም ሆነ በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ክትትል ላይ ያላችሁ ወገኖችም እንድታውቋቸው ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ወንድሜ ሳል ጸንቶበት አንድ ክሊኒክ ሄዶ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፤ ሌላ ምን እንደሚወስድ ግን የጠየቀው አልነበረም። ማዘዣውን ስንሰጣቸው ባለሙያዋ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት «ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» አሉ። ሰውነቱ የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወስደውን የታክሮሊመስን ስም እንደ ሰሙ ማዘዣውን ወደ ጎን አድርገው ያዘዘለት ሐኪም ጋር ራሳቸው ደወሉና አስቀየሩት። ክላሪትሮማይሲን ጉበት ታክሮሊመስን እንዳያፈርስ ስለሚያግድ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ደግሞ የሚጎዳው ያንኑ የምንሳሳለትን ኩላሊት ነው።

ወንድሜ ታክሮሊመሱ እጁን ስለሚያንቀጠቅጠው የማታውን ኪኒን አልፎ አልፎ ይዘል እንደነበር የተናዘዘው ያኔ ነው። እኔም አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡትም። አንድ ባዶ ካርቶን ገልብጠው በእስክሪብቶ እየሳሉ፣ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የእህታችንን ኩላሊት እንደ ባዕድ ሲያዩ እንዲባዙ የሚቀሰቅስ መልእክት እንደሚያመነጩ፣ ታክሮሊመስ ይህንን መልእክት እንደሚያፍን፣ ማይኮፌኖሌት የሚባለው ሌላው መድኃኒቱ ደግሞ የተቀሰቀሱት ሴሎች እንዳይባዙ እንደሚያደርግ አስረዱት። «ከእህቴ የተገኘ አይደል ወይ?» ሲላቸው፣ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቦስተን ውስጥ ለተሳካው የመጀመሪያ ንቅለ ተከላ እነዚህ መድኃኒቶች ያላስፈለጉት ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ እንደሆነና የእህት ኩላሊት ግን የቱንም ያህል ቢቀርብ ያው አለመሆኑን ነገሩት። መድኃኒቱ ሴሎቹን ይይዛቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ ባዕዱን አንዴ የለዩትም ለዓመታት አይረሱትም። ስለ መንቀጥቀጡ ለክትትል ሐኪሙ እንዲነግር እንጂ በራሱ እንዳይቀንስ አጥብቀው መከሩት።

ሌላም የማናውቀውን ነገሩን። የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው ደም የጠዋቱ ኪኒን ሳይዋጥ መሰጠት ሲኖርበት፣ ወንድሜ ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን ውጦ ነበር የሚሄድ። አሁን ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ሄዶ ደም ከሰጠ በኋላ ይውጠዋል።

ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እነግራለሁ። ስትሄዱ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ያዙ፤ አንድ በአንድ ያዩላችኋል። ለፋርማሲስቷ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ወንድሜ ያንን የሳሉለትን ካርቶን ከአልጋው ራስጌ ለጥፎት፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ሳያዛንፍ እየወሰደ ነው።