የቦስተን ባቡር በዞን ሲከፈል፦ ለእናንተ የትኛው ትኬት ያዋጣል?

ኩዊንሲ ሴንተር ጣቢያ ቆማችኋል እንበል። የምትሄዱት መሀል ቦስተን ወዳለው ሳውዝ ስቴሽን ነው። ሁለት ምርጫ አለ። ቀይ መስመር የሚባለው ሰብዌይ፣ የከተማው ውስጥ ባቡር፣ 2.40 ዶላር ነው። ትልቁ የዳርቻ ባቡር፣ ኮሚውተር ሬል፣ 6.50 ይላችኋል። መነሻውም መድረሻውም አንድ። ትልቁ በየመንገዱ ስለማይቆም ጥቂት ደቂቃ ይቀድማል። ለእነዚያ ደቂቃዎች 4.10 ዶላር ልጨምር የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ቀይዋን ነው የምይዘው።

ይህን ያመጣው ዞን ነው። ኮሚውተር ሬል መሀል ከተማው ላይ ከዞን 1ኤ ይጀምርና እስከ 10 ይቆጥራል። 1ኤ ውስጥ ዋጋው ከሰብዌይ እኩል 2.40 ነው። ዞን 1 ስትገቡ በአንድ ጊዜ 6.50 ላይ ይዘላል። ዋናው ገደል እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ጭማሪው ለስለስ ይላል፤ ከመሀል ቦስተን ወደ ዙሪያው ከተሞች ሊን 7 ዶላር፣ ብሮክተን 8.75፣ ሎዌል 10.50፣ ዉስተር 12.25። የአዲስ አበባ ታክሲ የለመደ ሰው ብዙም አይደንቀውም፤ አንዲት ፌርማታ ባለፍክ ታሪፉ ይቀየር የለ?

ርቀት ብቻ ዞኑን አይወስነውም። ሃይድ ፓርክ ያለው የፌርማውንት ጣቢያ ከሳውዝ ስቴሽን የሚርቀው የኩዊንሲን ያህል ነው፤ ግን 1ኤ ውስጥ ስለገባ በ2.40 ያስኬዳል። ቤት ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዞኑን ካርታ እዩ።

አሁን ወደ ወርሃዊው ፓስ። ብሮክተንን እንውሰድ፣ ዞን 4 ነው። ደርሶ መልስ በቀን 17.50፣ የወር ፓስ 281 ዶላር። ስታካፍሉት፣ በወር 17 ቀን ካልተመላለሳችሁ ፓሱ ዋጋውን አያወጣም። ከ1ኤ በቀር በሌሎቹ ዞኖችም ሒሳቡ 16 ወይም 17 ቀን ላይ ነው የሚወድቀው። ሥራው በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ ግዙት። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት ለምትሠሩ ግን ኪሳራ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ፍሌክስ ፓስ ነው፦ አምስት የቀን ፓስ በአንድ ላይ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚያልቅ፣ 10 በመቶ ቅናሽ ያለው። ከብሮክተን ቀኑ 15.75 ይመጣል። 12 ቀን ብትሄዱ ሁለት ፍሌክስ ፓስና ለሁለት ቀን ደግሞ መደበኛ ትኬት፣ በድምሩ 192.50 ዶላር ነው። ከ281 ጋር አስተያዩት።

ወርሃዊውን የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚቆጠረው በካላንደር ወር ነው፤ በ14ኛው ቀን ብትገዙትም ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ስልክ ላይ የሚሸጠው በ10 ዶላር ይረክሳል፣ ነገር ግን ሰብዌይና አውቶቡስ አያሳፍርም። ከሳውዝ ስቴሽን ወርዳችሁ በእግር ቢሮ የምትደርሱ ከሆነ ርካሹ ይበቃችኋል። ሰብዌይ የምትቀይሩ ከሆነ ግን አምስት ጊዜ እንኳ ሳትሳፈሩ አስሯ ዶላር ታልቃለች።

መሀል ከተማ ሳትገቡ ከዳርቻ ዳርቻ የምትሄዱ፣ ለምሳሌ ከፍራሚንግሃም ዉስተር፣ ኢንተርዞን የሚባለውን ትኬት ምረጡ። በዚህ መንገድ ከ5 ዶላር አይበልጥም። ሳያውቁ ሙሉውን የዞን 8 ትኬት የሚገዙ አሉ፤ ያሳዝናል።

ገቢያቸው ዝቅ ያለ፣ ፉድ ስታምፕ ወይም ማስኸልዝ (የማሳቹሴትስ የጤና መድን) ያላቸው፣ ዕድሜያቸው ከ26 እስከ 64 የሆኑ በግማሽ ዋጋ ለመሄድ ማመልከት ይችላሉ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ማመልከቻውን ከመሙላት የሚሰንፍ ሰው ሞልቷል፤ ከዞን ዞን ከማስላት ይልቅ ይሄ ይቅደም። እዚህ የጠራኋቸው ዋጋዎች ደግሞ ከ2019ኙ ጭማሪ ወዲህ የነበሩት ናቸውና ከመክፈላችሁ በፊት የባቡሩን የስልክ አፕ እዩ።

ቅዳሜና እሁድ ዞን የሚባል ጣጣ የለም። በ10 ዶላር ፓስ ሁለቱንም ቀን እንደልባችሁ ትመላለሳላችሁ። 11 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች፣ ከአንድ አዋቂ ጋር ሁለት ድረስ፣ በነጻ ይገባሉ። ዉስተር ሆናችሁ እሁድ ቦስተን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ብትነሱ፣ አንድ አዋቂ በ24.50 ፋንታ 10 ዶላር ከፍሎ ሁለት ልጆች ይዞ ይወጣል። ባቡሩ የቅዳሴው መግቢያ ላይ ያድርሳችሁ አያድርሳችሁ ግን ሰዓቱን ቀደም ብላችሁ እዩት።