ስሊቭ፣ መርፌ ወይስ ባሉን? የአንዲት የባሕር ዳር ሴት ሒሳብ

ሰላምታ ሳይጨርሱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ፈጀብሽ?» ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር። 112 ኪሎ ሆኜ የሚያውቀኝ ሰው 80 ገብቼ ሲያየኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ክብደት ለሚቀንሰው መርፌ ብር ስታሰባስብ ሳገኛት ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በዚያ መርፌ እጄን የተቃጠልኩ ነኝና።

ከወዲሁ ልናገር፤ ልቤ ያጋደለው ወደ ስሊቭ፣ ጨጓራን ቆርጦ ወደሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያውም አገር ውስጥ ወደሚሠራው። መሃል ላይ ቆሜ ልዳኝ አልመጣሁም።

መርፌው ሴማግሉታይድ ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው ኦዜምፒክ ብሎ ነው። ለስኳር ሕመም ወጥቶ ለክብደትም የዋለ፣ በሳምንት አንዴ የሚወጉት። ይሠራል፤ አልክድም። ለክብደት ተብሎ በወጣው ከፍ ባለው መጠን በተደረገ ትልቅ ጥናት ሰዎቹ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ካቆሙ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ደግሞ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። ኪራይ በሉት፤ መክፈል ያቆማችሁ ቀን ከቤቱ ትወጣላችሁ። እኔ አንዱን የወር ፔን፣ እንደ እስክሪብቶ ያለውን መርፌ፣ የገዛሁት በ23,000 ብር ነው። በዓመት 276,000 ይመጣል።

አራቱን ወር በሰላም ተወጋሁ፤ ስምንት ኪሎ ወረደልኝ። አምስተኛውን «ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው፣ ሦስት ሺህ ቀንሼልሻለሁ» ካለችኝ ሴት ገዛሁ። ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙም ያው። ቅዳሜ ጠዋት ተወግቼ ሐይቁ ዳር ስራመድ ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጀልባዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ። ሻይ የምታፈላ ልጅ ናት ስኳር በጥብጣ አጠጥታ ያተረፈችኝ። ማታ ፔኑን ከባዶዎቹ ጎን አስቀምጬ አየሁት። ልጥፉ ጠርዙ ላይ ለቋል። በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ልጥፍ ወጣ፤ የኢንሱሊን ፔን ነው። ስኳር የሌለብኝ ሰው የደም ስኳር የሚያወርድ ኢንሱሊን ተወጋሁ ማለት ነው። ሴትዮዋ ስልኳን ዘጋች፤ 20,000 ብሬም በዚያው ቀረ።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ በሐሰተኛ ኦዜምፒክ ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠርጥሯል። በሰኔ 2024 የዓለም ጤና ድርጅት በሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እውነተኛው ቢገኝ እንኳ እስኪከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በሚያዝያ ሙቀት፣ መብራት ሲጠፋ፣ በሻንጣ ተጉዞ የመጣ ፔን ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደቆየ ማን ይነግራችኋል? ስምንቱ ኪሎ በአራት ወር ውስጥ ተመለሰ። 112,000 ብር ግን አልተመለሰም።

ስሊቭ ሌላ ነገር ነው። በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ነው። አንጀት አይነካም። ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ቦታ ስላለ፣ ቶሎ መጥገብ ብቻ ሳይሆን ረሃቡ ራሱ ይቀንሳል። የወጣው ግን ተመልሶ አይቀጠልም። «ካልተስማማኝ አስመልሰዋለሁ» የሚል ሰው ከአሁኑ ይተወው።

ወደ ብሩ ልምጣ። አዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ጥር 2017 ላይ የከፈልኩት 320,000 ነው። ከዚያ በፊት በካሜራ የጨጓራን ውስጥ ለሚያየው ኢንዶስኮፒ፣ ለአልትራሳውንድ፣ ለልብና ለደም ምርመራ 18,400። ለእኔና ለእህቴ የአውሮፕላን 14,600። ወደ ቤት ይዤው ለመጣሁት ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ 6,000። ማረፊያ ዘመድ ቤት ስለነበር አልከፈልኩም። ድምሩ 359,000 ነው። መርፌውን እኔ በገዛሁበት ዋጋ አሥራ ስድስት ወር ብትወጉ ይህን ብር ታልፉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላም ትከፍላላችሁ። ስሊቭም ቢሆን ክፍያው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። እኔን በወር 2,100 ያስወጣኛል፤ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ይህን የማትችሉ ከሆነ ቀዶ ሕክምናውንም አትጀምሩት።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ካርትሪጁ ዋጋው ውስጥ አለ?» ጨጓራው የሚቆረጠውና የሚዘጋው በስቴፕለር ነው፤ ካርትሪጅ የሚሉት የስቴፕለሩ ሽቦ ያለበትን ተለዋጭ ክፍል ነው፤ ለአንድ ሰው በርከት ያለ ይሄዳል፤ ውድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ 240,000 ብለውኝ ደስ ብሎኝ ልፈራረም ስል፣ ካርትሪጁን «ከውጭ ራስሽ ትገዣለሽ» አሉኝ። ሲደመር ከሌላው በለጠ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ታጥቦ እንደገና የሚሠራበት አለና፣ አዲስ መሆኑን፣ እሽጉም ፊታችሁ እንደሚከፈት ጠይቁ። ያኮረፈ ሐኪም ካለ ያኩርፍ።

«ቱርክ እኮ ይረክሳል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለእኔም ሆቴሉም መኪናውም ተጨምሮ 3,800 ዶላር ተብሎልኝ ነበር። በዚያን ጊዜው የባንክ ምንዛሪ በ57 ብር ሲሰላ 217,000 አይሞላም። ግን የትኛው ባንክ ነው ዶላር የሚሰጠኝ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ተባለና ነሐሴ ላይ ያው 3,800 በባንኩም ምንዛሪ ወደ 400,000 ወጣ። ትኬቱና ቪዛው አልተቆጠረም።

ከዋጋው ይልቅ ያስቆመኝ የጎረቤቴ ወንድም ነው። እዚያው ሄዶ ተሠርቶ በስድስተኛው ቀን ተሳፈረ። በዘጠነኛው ቀን እዚህ ባሕር ዳር ቤቱ ተኝቶ ትኩሳት፣ የልብ መምታት፣ ግራ ትከሻው ላይ ሕመም። ስፌቱ አፍስሷል። እንዲህ ያለው መፍሰስ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ወረቀቱን ስናይ በቱርክኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፤ የሠራው ሐኪም ስልክ የለውም፤ እዚያ የላከችው ደላላ ቁጥር ይጠራል እንጂ አይነሳም። ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ቱቦ ገብቶለት ሁለት ወር በአፉ ሳይበላ ከረመ። ጥገናው ከሥራው በለጠ። ከእኔ ሐኪም ጋር ግን በአውሮፕላን ሰዓት አይሞላንም፤ ሌሊት ስደውልለትም አንስቷል። 40,000 ብር ብጨምር ኖሮ እንኳ ለዚህች ስልክ አይቆጨኝም።

ባሉኑን በአጭሩ፦ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይሞላና በስድስት ወር ይወጣል። ጓደኛዬ አስገብታ 11 ኪሎ ቀነሰች፤ ከወጣ በኋላ ፋሲካ አልፎ ዘጠኙ ተመለሰ። ለሠርግ ከሆነ ይሁን። «የጨጓራ ቦቶክስ» የሚሉትን ግን ከነስሙ እርሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክ ውስጥ የተወጉ በርካታ ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል ጡንቻን በሚያዝል መመረዝ ታመው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ስሊቭን የሚገዳደረው ባይፓስ ብቻ ነው፤ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና። ቃር አጥብቆ የያዘው ሰው ስሊቭ ቢሠራ ቃሩ ሊብስበት ይችላልና ባይፓስ ይሻለዋል፤ ስኳር የከረመበትም ሰው እንደዚሁ ከሐኪሙ ይምከር። እኔም ኢንዶስኮፒ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ኢንዶስኮፒ ሳያይ «ነገ ነይ» የሚል ቦታ ካገኛችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ማን ይሠራ ለሚለው፣ ኪሎአችሁን ለቁመታችሁ ካሬ አካፍሉት። እኔ ቁመቴ 1.62 ስለሆነ 112 ሲካፈል 42.7 ገደማ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሐኪሞች መመሪያ ከ35 ጀምሮ ይመክራል፤ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ካለ ከ30 ጀምሮም ይታያል። ሰባት ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ ጨጓራችሁን አታስቆርጡ።

አኗኗሩን ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከወር በኋላ ለስላሳ ምግብ። እንጀራ ሆዴ ውስጥ ያብጣል፤ ሁለት ጉርሻ ሲገባ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ውኃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ያዳነኝ የጣና ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ እሾሁ ወጥቶ በመጠኑ የበሰለ። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ማግኘት አለብኝ፤ ዓሣ በማልበላበት ጾም በሽሮና በምስር ብቻ እዚያ መድረስ ጭንቅ ነው። በሦስተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ረገፈ፤ በዘጠነኛው ተመለሰ። ቶሎ ስትቀንሱ የሐሞት ጠጠርም ይመጣል። ለማርገዝ የምታስብ ዓመት ከመንፈቅ ትታገሥ።

ከሁሉ የከበደኝ እቴቴ ናት። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» ብላ ጉርሻዋን አፌ ላይ ስትይዝ ጨጓራዬ 80 በመቶ ተቆርጧል ብዬ ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን ጉርሻዋን እንደ ሽንብራ አሳንሳ ትጠቀልላለች፤ ሳትቆጥር ግን ሦስት ታደርገዋለች።

ሒሳቡ ላይ የረሳሁት አንድ አለ፤ የሐበሻ ቀሚሶቼን ለማጥበብ በሁለት ዙር 3,600 ብር። በሦስተኛው ስሄድ ሰፊው ጥለቱን ገልብጦ አይቶ «ከዚህ በላይ ከጠበበ ጥለቱ ይገናኛል፤ አዲስ ግዢ» ብሎ መለሰልኝ።