ከግሪክ አፈ ታሪክ ስም ለሚመርጡ ወላጆች፦ የሦስት ድረ ገጾች ግምገማ

ከግሪክ አፈ ታሪክ ለልጁ ያልተለመደ ስም የሚፈልግ ወላጅ ቀድሞ የሚያገኘው ረጅም የስም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ሦስት ቃል ፍቺ ይለጠፋል፤ በቃ። ይህ ዓይነቱ ዝርዝር ዕጩ ለመልቀም ይበቃል፣ ለመወሰን ግን አይሆንም። ካሳንድራ «ወንዶችን የምታጠምድ»፣ ፐርሴፎኒ «ጥፋት አምጪ» እየተባሉ የሚዞሩት በእነዚሁ ዝርዝሮች ነው። ለውሳኔ የሚረዱት ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ናቸው። ሦስቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ያለ ክፍያ የሚከፈቱ ናቸው።

ከሁሉ የምናስቀድመው ቴዮይን (Theoi) ነው፤ የግሪክ አፈ ታሪክ ድረ ገጽ እንጂ የስም መዝገብ እንኳ አይደለም። ለእያንዳንዱ አምላክ፣ መንፈስና ጭራቅ የየራሱ ገጽ አለው፤ ከላይ አጭር መግቢያ፣ ከሥሩ የጥንት ጸሐፍት የተናገሩት ከነስማቸው ተደርድሯል። ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ባለስሙ መጨረሻው ምን እንደሆነ ያሳያል። ዳፍኔ የዛፍ ስም መሆኑን ማንኛውም ዝርዝር ይነግራል፤ ልጅቷ ዛፍ የሆነችው ከአምላኩ ከአፖሎ ስትሸሽ መሆኑን ግን ብዙዎቹ ይዘሉታል። አትላስም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ምድርን ሳይሆን ሰማይን ነው የተሸከመው፣ ያውም በቅጣት።

መግቢያውን ብቻ አንብቦ መውጣት ግን ያሳስታል፤ አንዱ ታሪክ ብዙ መልክ አለውና። የቀርጤስ ንጉሥ ልጅ የሆነችውን አሪያድኔን እንውሰድ። በሆሜር ግጥም በኦዲሲ ውስጥ የአደን አምላኳ አርጤምስ ትገድላታለች። ሌላው ጥንታዊ ገጣሚ ሄሲኦድ በጻፈው ቴዎጎኒ ደግሞ የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ያገባታል፣ የአማልክት ንጉሥ ዜውስም ሞት የማይነካት ያደርጋታል። ስለዚህ ወደ ጥቅሶቹ ወርዶ ሆሜርንና ሄሲኦድን መፈለግ፣ ከዚያ የኋለኞቹን ማነጻጸር ይሻላል። በእኛ አስተያየት አሳዛኝ ታሪክ ስሙን አያስጥልም። ካሳንድራ እውነት ተናግራ የማትታመን የትሮይ ነቢይት ናት፤ ይህን አውቆ ስሙን የሚወድ ወላጅ አለ። ችግሩ ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት ሰምታ ስትመጣ፣ ወላጅ ታሪኩን ሳያውቀው መገኘቱ ነው። የቴዮይ ድክመት አማልክት ስላልሆኑ ሰብዓዊ ጀግኖች ጥቂት ብቻ መያዙ ነው፤ ሄክተርን ወይም ኢቫንደርን የሚያጠና ሌላ ምንጭ መጨመር አለበት።

ሁለተኛው፣ ቢሃይንድ ዘ ኔም (Behind the Name)፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ የስም መዝገበ ቃላት ነው። የስሙን ግሪክኛ ሥር፣ ጾታውን፣ አጠራሩንና በሌሎች ቋንቋዎች የያዘውን መልክ ይሰጣል። የሚያስመሰግነው ያልታወቀውን አልታወቀም ማለቱ ነው፤ ለፐርሴፎኒ የተረጋገጠ ፍቺ የለም ብሎ፣ ከ«ማጥፋት» ጋር የሚያያይዘውን እንደ ግምት ብቻ ያስቀምጠዋል። አንድ ወጥመድ አለበት፦ አንባቢዎች ያስገቧቸው ስሞች በተለየ ክፍል ይገኛሉ፤ እዚያ ያለውን ከዋናው መዝገብ እኩል ማመን አይገባም። ከስሞቹ ሥር ያሉት አስተያየቶች አብዛኞቹ የጣዕም ጉዳይ ናቸው። ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማሉ፤ ሰዎች ስሙን እንዴት አዛብተው እንደሚጠሩት ይጠቁማሉ።

አጠራር ለአማርኛ ጸሐፊ ተጨማሪ ሥራ አለው፣ ሦስቱም በፊደላችን አይሰጡምና። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ከላይኦፒ» የሚላትን ግሪካዊ «ካሊዮፒ» ይላታል። ፊደላችን የሚጻፈው እንደሚነገረው ስለሆነ፣ የማንን አጠራር እንደሚከተሉ ከልደት ምዝገባ በፊት ይወስኑ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም አብረው ይወስኑ፤ በ«ሲ» (C) ነው ወይስ በ«ኬ» (K)? በአንዱ ሰነድ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን መጻፍ በኋላ ማስተካከያ ያስጠይቃል።

ሦስተኛው የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ነው፤ ስሙ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማወቅ መረጃው ጥሩ ነው፣ የሚቆጥረው የዚያን አገር ልደት ብቻ ቢሆንም። ከ1880 ጀምሮ ያለውን በየዓመቱ ለይቶ ይዟል። የደረጃ ሰንጠረዡ 1000 ስም ላይ ስለሚያቆም፣ ለብርቅ ስም የሚረዳው የሚወርደው ሙሉ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ በየመስመሩ ስም፣ ጾታና ቁጥር በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ፋይሉን ይክፈቱና ስሙን በፍለጋ ያግኙት። በዓመቱ ከ5 ልጅ በታች የተሰጠ ስም ለግላዊነት ሲባል አይገባም፤ ስለዚህ አለመገኘቱ ማንም የለውም ማለት አይደለም። ሰው የሚሳሳተው የተለያየ አጻጻፍ ለየብቻ መቆጠሩን ሲረሳ ነው። ካሊዮፒን በ«ሲ»ም በ«ኬ»ም ፈልገው ይደምሩ። እንደ አርጤምስ ያለውን ስም ደግሞ በሁለቱም ጾታ ይፈልጉ፤ አምላኳ ሴት ብትሆንም ለወንድ የሚያወጡት አሉ።

ሦስቱም የማይሸፍኑት ስሙ ዛሬ የተጣበቀበትን ነገር ነው። ናይኪ ጫማ ነው፣ ፓንዶራ ጌጣጌጥ፣ ናርሲስ የሥነ ልቦና ቃል። ለዚህ ተራ የኢንተርኔት ፍለጋ ይበቃል፦ ስሙን ብቻውን ይጻፉና የመጀመሪያውን ገጽ ይዩ፤ ምስሎቹንም ይክፈቱ። ከዚያ ቁልምጫውን አጭር አድርገው እንዲሁ ይፈልጉት፤ ልጁን በየቀኑ የሚጠሩት በእሱ ነውና።